ባላምባራስ የጨበጠው እጅ

እስቲ ጠጋ በሉና የአንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ነገር ላውጋችሁ። ሰኞ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ በማግስቱ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ፣ ደግሞ ለቅሶ ሲደርስ፣ ሳያስበው ዓርብ ከች ይላል። ዓርብ ሲመሽ ሰንበት ይገባልና ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ የሌላ ሃይማኖት ሰው ከነካው፣ እንደገና ሳይታጠብ ጸሎት ቤት አይገባም፤ ሕጋቸው ነው። አገሩም «አትንኩኝ» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ቄሱ የሚኖርበት መሬት ጌታ፣ ክርስቲያኑ ባላምባራስ ይግዛው፣ ይህን ያውቃል። ሰው ነገሩን ይዞ እሱ ደጅ በመምጣት ፈንታ ወደ ቄሱ መሄዱ አንገብግቦታል፤ እንዲያው ቅናት ነው፣ ልጆቼ። አንድ ዓርብ ከነአጃቢዎቹ አድፍጦ ቆየና፣ ቄሱ ከውሃው ሲወጣ እጁን አፈፍ አድርጎ ጨበጠው።

«በል እንግዲህ» አለው፤ «ከታጠብህ እኔን ቆሻሻ ብለሃልና መሬቴን ትለቃለህ። ካልታጠብህም ሰንበትህ ቀረ።»

ቄሱ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፤ ልትጠልቅ ነው። ሕዝቡ ይጠብቀዋል፤ ጎጆው ደግሞ የቆመው በዚሁ ሰውዬ መሬት ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ገባ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎን ማን ቆሻሻ ይላል?» አለ እጁን እያሸ። «ክብርዎ እኮ ነው እጄ ላይ የቀረው። ይዤው ቤቴ ብገባ እርስዎ ባዶዎን ሊቀሩ ነው፤ ስለዚህ እዚሁ አጥቤ ልተውልዎ። መሬቱን ልቀቅ ካሉኝ ግን፣ የታጠበው ክብር ሳይሆን እድፍ ነው ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»