ጥላው የት ይውደቅ

አንድ ሰው ነበረ። ፊልም ሠሪ ነው። አንተ ዛሬ «መምህር፣ በፊልሜ ያለው ሯጭ ሊያጭበረብር ሲያስብ ብርሃኑን ልቀንስበት?» ብለህ የጠየቅኸኝን እሱም ራሱን ይጠይቅ ነበር። የሚሠራው የአንድ ሯጭ ታሪክ ነው። ሯጩ መንታ መንገድ ላይ ይደርሳል፤ የውድድሩ መንገድ ዳገቱን ይወጣል፣ አቋራጩ በባሕር ዛፍ መሐል ያልፋል። የሚያየው ዳኛ የለም። ይህች ቦታ ተመልካቹን ካልያዘች የፊልሙን ልፋት ሁሉ ውኃ በላው።

ሰውየው እንዳንተ ብልጥ ነኝ ባይ ነበረ። አቋራጩን አጨለመው፣ ዳገቱን በመብራት አደመቀው። ከዚያ ለጎረቤቶቹ አሳየ። አንዲት ሴትዮ ገና ሯጩ መንታው ላይ ሳይደርስ «አይ፣ እሱስ አይገባባትም፤ መንገዷ ራሷ ሌባ ትመስላለች» ብላ ስልኳን መነካካት ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ዕረፍት አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሣል። መብራቱን ቢጨምር፣ ቢቀንስ አልሆነም። የመጨረሻው የቀረጻ ቀን ደረሰ። ልቡ አላርፍ ሲለው ካሜራውን አስቀምጦ በቀትር ፀሐይ የሯጩን መንገድ ራሱ መሮጥ ጀመረ። ሠራተኞቹ «አበደ እንዴ?» ተባባሉ። መንታው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል፣ ላቡ ዓይኑን ያቃጥለዋል፤ እግሩ ሳያማክረው ወደ ዛፎቹ ጥላ ዞረ። ይህን ሲያይ ደነገጠ፤ አፈረም።

«መብራቱን ሁሉ አጥፉ!» አለ። አቋራጩን እንዳለ ቀረጸው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ቅጠሉም ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ዳገቱን ግን ፀሐይዋ ዓይን እስክትወጋ ድረስ ነጭ አድርጎ አሳየው።

ፊልሙ በአዳራሽ ሲታይ ያቺው ሴትዮ ብድግ ብላ «ግባ አንተ! ማን ያይሃል!» ብላ ጮኸች። ሯጩ ዓይኑን ጨፍኖ ዳገቱን ያዘ። እሷ በእጇ አፏን ይዛ ግራ ቀኟን እያየች ተቀመጠች።

እንግዲህ ልጄ፣ የአንተም ነገር እንደዚሁ ነው። ክፋትን አጥቁረህ ብታሳየው ሰው ሁሉ ከሩቅ ይሸሸዋል፤ ሸሽቶም ራሱን ጻድቅ ያደርጋል። ለደከመ ሰው ግን በደል ጥላ ሆኖ ይመጣል፤ እውነት ናት እንደ ቀትር ፀሐይ የምታቃጥለው። «ግባ» ያላለ ተመልካች ሯጩ ምን እንደተወ አያውቅም። አሁን ሂድና መጀመሪያ ሩጥ። ጥላው አንተን ራስህን ካላማረህ ካሜራውን አታንሣ።