ሽታዬና የእንዶዱ ቅል

፦ ተረት ተረት።

፦ ንገሪን እማማ፣ ከሥር ከመሠረት።

እሺ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ በር ላይ የቆምሽው፣ ግቢና አጠገቤ ተቀመጪ። ሕፃኗንም ለእኔ ስጪኝ፤ ጭኔ ላይ ትተኛ።

በድሮ ዘመን፣ ወይራ ውሃ በሚባል አገር፣ ሽታዬ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢተው ይባላል፤ ገበሬ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከእርሷ በፊት ሁለት ወልደው ሁለቱም በጨቅላነታቸው ሞተውባቸው ነበርና፣ ይህችን ሲያገኙ ምትኬ አሏት። ምትኬ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። መሄድ ከጀመረች ወዲህ እጇ አያርፍም። ያገኘችውን ታነሣለች፤ ያነሣችውን ወደ አፏ ትወስዳለች። ወተትማ ስትወድ ለብቻ ነው። ትንሿን ቅል በሁለት እጇ ትይዝና ትንፋሽ ሳትወስድ ትጨልጣለች።

የቢተው እናት እማማ ድንቄም እዚያው ቤት ነበሩ። እማማ ድንቄ ሰባት ልጆች ያሳደጉ፣ መንደሩ የሚያከብራቸው፣ ቃላቸው የማይመለስ ሴት ናቸው። ሽታዬ ትወዳቸዋለች፤ ትፈራቸዋለችም።

ያን ጊዜ ሳሙና የሚባል ነገር የለም። ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያም ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል። ያን ጊዜ አረፋው እንደ ታለበ ወተት ነጭ ሆኖ ይነሣል። ልብስ ያነጣል። ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን መርዝ ነው። ይህን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ከየት ታውቃለች?

ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሽታዬ የቤቱን ልብስ ሁሉ ልታጥብ ማልዳ ተነሣች። እንዶዱን ወቀጠች። መበጥበጫ ሸክላዋን ብታነሣው ሥሩ ተሰንጥቋል። ዞር ዞር ብላ አየችና ያገኘችው የምትኬን የወተት ቅል ነው። ለዛሬ ብቻ ነው፣ በኋላ ደህና አድርጌ አጥበዋለሁ አለችና እዚያ ውስጥ በጠበጠችው። ከዚያም በሩ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ልቧ ግን አልወደደውም። ቆጡ ላይ ልታወጣው ቅሉን አነሣችው። እማማ ድንቄ አይተዋት ኖሮ፣ እኔ ሰባት ልጅ ሳሳድግ እንዶዴ መሬት ላይ ነበር፣ አንዱም አልነካውም፣ የዛሬ እናቶች በጥላችሁም ትደነግጣላችሁ ብለው ሳቁባት። ሽታዬ አፈረችና ቅሉን መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ትንሽ ቆይቶ እንጉዳይ የምትባል ሸክላ ሠሪ በደጃፋቸው አለፈች። ማሰሮዎቿን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገበያ መሄዷ ነው። ምትኬ ደጅ ላይ ስትጫወት አየቻትና፣ ደስ ስትል፣ እደጊ ብላት አለፈች። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ነገር ግን የዚያ አገር ሰው ሸክላ ሠሪዎችን ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል እያለ ይሸሻቸው ነበር። ሸክላቸውን ይገዛል፤ ከእነርሱ ጋር ግን በአንድ መደብ አይቀመጥም።

ሽታዬ ልብሱን ልትሰበስብ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙም አልቆየች። ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ ከማገሩ ላይ እስክታወርድ ድረስ ነው። ከዚያም የልጅ ሳል ሰማች። ሳሉ አልቆም አለ። ሮጣ ብትወጣ ምትኬ በሩ ሥር ቁጭ ብላለች። አፏ ዙሪያውን አረፋ ሆኗል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ቅሉ በጎኑ ተጋድሟል። ገሚሱ ፈሷል። ገሚሱ የለም።

ሽታዬ ያን ጊዜውኑ ገባት። ልጇን አነሣቻት። ልጅቱም አስመለሰች፤ ደግማ አስመለሰች፤ ሆዷን ይዛ ተንሰፈሰፈች። እማማ ድንቄ ጮኸው ጎረቤት ጠሩ። ሽታዬም በዚህ መካከል ቅሉን በእግሯ ወደ መደቡ ሥር ገፋ አደረገችው። ለምን እንዳደረገችው ራሷም አላወቀችም። እፍረት ነው። ልጄን በእጄ ጎዳኋት የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ አላት።

ቤቱ በሰው ሞላ። አንዱ ልጅቱ ምን በላች ብሎ ጠየቀ። እማማ ድንቄ ምንም አልበላችም፣ ጠዋት ግን ያቺ ሸክላ ሠሪ አይታት ደስ ስትል ብላታለች አሉ። በቃ። ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ የጠየቀ የለም። ወንዶቹ እንጉዳይን ሊያመጧት ሮጡ፤ እትፍ ብላባት እንድትለቃት። ሴቶቹ ደግሞ በገል ፍም አመጡና ቅጠል ጨምረው ልጅቱን ያጥኗት ጀመር። ቤቱ በጭስ ታፈነ። የምትኬ ትንፋሽ አጠረ።

ሽታዬ ልጇን ታቅፋ ቁጭ ብላለች። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ትላለች። የአማቷን ፊት ታያለች፣ የሰዉን ፊት ታያለች፣ ምላሷ ይተሳሰራል። አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር። አጠገቧ ያለችው ጎረቤት ውሃ የጠየቀች መስሏት ዋንጫ ሰጠቻት። ሽታዬም ዋንጫውን ተቀብላ ያዘችው።

ከዚያም እንጉዳይን እየገፉ አስገቧት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ማሰሮዎቿም መንገድ ላይ ተሰባብረው ቀርተዋል። ክንዷን የያዛት ጎልማሳ፦

፦ ልቀቂያት። እትፍ በዪባት፣ አላት።

እንጉዳይ አልተፋችም። ጎንበስ አለችና የምትኬን አፍ አሸተተች። ከአገጯ ላይ አረፋውን በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው።

፦ ይህ እንዶድ ነው፣ አለች። ጭሱን አውጡላት።

ሰው አጉረመረመ። ራሷን ልታድን ነው አለ። እማማ ድንቄም በዚህ ቤት እንዶድ የጠጣ ልጅ የለም ብለው ቆረጡ።

እንጉዳይ ከልጅቱ ቀና አለች። ዞር ብላ ሽታዬን አየቻት። ድምጿንም ዝቅ አድርጋ፦

፦ እኔም ወንድ ልጅ ነበረኝ፣ አለቻት። ልክ እንደ እርሷ ያለ። ያን ዕለት ምን ጠጣ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሲያጥኑትና የበላህ ማን ነው እያሉ ሲያስለፈልፉት ቀኑ መሸ። እንዶድ መጠጣቱን ያወቅሁት ከቀበርኩት በኋላ ነው። የምታውቂው ነገር ካለ አሁን ተናገሪ፣ እህቴ።

ሽታዬ የእንጉዳይን ክንድ አየች። ሰውየው የያዘበት ቦታ ቀልቷል። ልጇንም አየች። ከዚያም ዋንጫውን መሬት አስቀመጠችና፦

፦ ጠጥታለች፣ አለች። በወተት ቅሏ በጥብጬ መሬት ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህች ሴት ምንም አላደረገችም።

እጇንም ወደ መደቡ ሥር ሰድዳ ቅሉን አወጣችው።

 ሰውየው የእንጉዳይን ክንድ ለቀቀ።

እንጉዳይ ጊዜ አላጠፋችም። ፍሙን አስወጣችና በሩን ወለል አድርጋ አስከፈተች። ልጅቱ ስታስመልስ እንዳትታነቅ በጎኗ አስተኛቻት። አንዲት ጎረቤት ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ ልታስመልሳት ብትል፣ እጇን ያዘቻትና ከለከለቻት፤ ሲወርድ ያቃጠላት ሲወጣም ያቃጥላታል፣ አረፋውም ወደ ሳንባዋ ይገባል አለቻት። የልጅቱን አፍና ፊት በንጹሕ ውሃ አጠበች። ከዚያም ወንዝ ማዶ አባ ኅሩይ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ አሉ፣ አሁኑኑ ውሰዷት፣ ቅሉንም ይዛችሁ ሂዱ፣ የጠጣችውን በዓይናቸው ይዩት አለች።

ቢተው ከአውድማ ተጠርቶ መጣ። በቅሎ ተጫነ። ሽታዬ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ቢተውም በቅሎዋን እየጎተተ ሮጠ። ወንዙን ሲሻገሩ ምትኬ ጸጥ አለች። ሽታዬ ጆሮዋን ወደ ልጇ አፍ አስጠግታ ትንፋሿን እያዳመጠች ሄደች። ቀጭን ነው፤ ግን አለ።

አባ ኅሩይ ምን እንደጠጣች፣ ምን ያህል እንደጠጣች፣ መቼ እንደጠጣች ጠየቁ። ሽታዬ አንዱንም ሳትደብቅ መለሰች። አባም ቅሉን ተቀብለው አሸተቱት፤ የቀረውንም አዘንብለው አዩት።

፦ ቡዳ ነው ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን፣ አሉ፣ እኔም ስጸልይ እውል ነበር። የጠጣችውን ስለነገርሽኝ የምሠራውን አውቄአለሁ።

ሁለት ሌሊት እዚያው አደሩ። የከተራ ዕለት ታቦት ሲወርድ ዝማሬው ከወንዙ ማዶ ይሰማቸው ነበር፤ ቢተውም ሽታዬም በዚያ ዓመት ነጭ አልለበሱም። በማግስቱ ጠዋት ምትኬ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያም ወተት አለች። ሽታዬ ሳቀች፤ ስትስቅም እንባዋ ወረደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቢተው በቅሎዋን እየጎተተ ከፊት ከፊት ሄደ። ሽታዬም ሊቆጣኝ ነው ብላ ጠበቀች። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ቆመና፦

፦ ያን ጠዋት ወደ አውድማ ስወጣ ቅሉን ተራምጄው ነው ያለፍኩት፣ አላት። አይቼዋለሁ። አላነሣሁትም።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልወቀሳትም።

እማማ ድንቄ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ምትኬን ተቀብለው አቀፏት፤ ሳሟት። ከዚያም ለሽታዬ ብቻ እንዲሰማ አድርገው፣ ያሳደግኋቸው ሰባት ናቸው፣ የወለድኳቸው ግን ዘጠኝ ነበሩ አሏት። ሁለቱን ቡዳ በላብኝ ብለው ነበር የኖሩት። አሁን ግን እርግጠኛ አይደሉም።  ሽታዬም እጃቸውን ይዛ አብረው ገቡ። በማግስቱም እማማ ድንቄ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ወረዱና፣ በሰው ሁሉ ፊት እንጉዳይን ይቅርታ ጠየቁ። እንጉዳይ ወዲያው ይቅር አላለቻቸውም። ይቀመጡ አለቻቸው። ተቀመጡ። ብዙ ሰዓት ቆዩ። ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም።

ሽታዬ ደግሞ ወንዝ ወረደች። የአጠባ ቀን ነበርና የመንደሩ ሴቶች ሁሉ አሉ። ሲያዩዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እርሷ ግን ልብሷን ሳታስቀምጥ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። በወተት ቅል መበጥበጧን፣ መሬት ላይ ማስቀመጧን፣ ቅሉን መደበቋንም ጭምር። ስትጨርስ አንዲት ሴት የእኔም ልጅ የኮሶ ዱቄት ቅሞ ለጥቂት ነው የተረፈው አለች። ሌላዋ ባሏ ለጅብ ያዘጋጀውን መርዝ ልጇ ይዛው ስትጫወት ማግኘቷን ተናገረች፤ ለማንም ነግራው አታውቅም ነበር። ያን ቀን ልብሱ ሳይታጠብ ዋለ። ወሬያቸው አላልቅ አለ።

ሽታዬም ከወንዙ በቀጥታ ወደ እንጉዳይ ሄደች። ልጅ የማይደርስበት፣ ልጅ የማይከፍተው፣ የወተት ዕቃ የማይመስል ነገር ሥሪልኝ አለቻት። እንጉዳይ ጭቃዋን አቡክታ ሦስት ጊዜ ሠራች፤ ሁለቱን አልወደደችውምና መልሳ አፈረሰችው። ሦስተኛው አንገቱ ጠባብ ነው። ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል። ለመስቀያ ሁለት ጆሮ አለው። ገላውንም ጭቃው ሳይደርቅ በጣቷ እየቆነጠረች ጉብ ጉብ አደረገችው፤ በጨለማ የነካው ሰው እንኳ የሚጠጣበት ዕቃ እንዳልሆነ እንዲያውቅ።

ሽታዬ ወስዳ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀለችው። እርሷ ራሷ ለማውረድ በርጩማ ያስፈልጋታል። ምትኬም በሳምንቱ በርጩማውን እየገፋች ከሥሩ አደረሰችው። ሽታዬ ያን ዕለት በርጩማውንም ጓዳ አስገባችው፤ ዓይኗንም ከልጇ አልነቀለችም። የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ ከዚያ በኋላ ለምግብ ብቻ ሆነ።

ጎረቤቶቿ አዩት። አንዷ ለእንዶድ አሠራች፣ ሌላዋ ለኮሶ፣ ቆዳ የሚያለፋውም ሰውዬ ለመዘፍዘፊያው። ፋሲካ ሳይደርስ በወይራ ውሃ ያልሰቀለ ቤት አልነበረም። ወሬው ወንዙን ተሻገረ፤ የሌላ አገር ሴቶችም ይመጡ ጀመር።

አንድ ቀን ሽታዬና እንጉዳይ ጭቃ እያቦኩ ሳለ፣ ሽታዬ የዚያ የሞተው ልጅሽ ስሙ ማን ነበር አለቻት። እንጉዳይ እጇን አቆመች። ልጇ ከተቀበረ ጀምሮ ስሙን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

፦ አዳነ፣ አለች።

ሽታዬ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ያን የተሰቀለ ሸክላ በሌላ ስም የሚጠራው የለም። የአጠባ ቀን በደረሰ ቁጥር ከየቤቱ፣ አዳነን አውርጂልኝ፣ አዳነን መልሰሽ ስቀዪው፣ ሲባል ይሰማል። እንጉዳይም ማሰሮዋን ተሸክማ በየደጃፉ ስታልፍ የልጇን ስም ትሰማለች። በሩም አይዘጋባትም፤ ነይ ግቢ ይሏታል።

በሉ፣ ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። የሰማ ይቁረስልኝ፣ ያልሰማም ያጉርሰኝ። ያን ዳቦ ወዲህ በሉት፤ ቀስ ብላችሁ፣ ሕፃኗ ተኝታለች።