የጋሽ ዘውገ እንጨት መፍጫ

እኛ ቀበሌ፣ ጨፌ ጉራቻ፣ አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ የሚያስነሳለት ፍለጋ ከደጅ ደጅ ሲንከራተት ካዩት ዝም ብለው አያልፉትም፤ አንዲት አባባል ጣል አድርገውበት ይሄዳሉ። ጀነሬተር ገዝቶ ነዳጅ ያጣውንም፣ የውሃ ፓምፕ ገዝቶ ጉድጓድ ያላስቆፈረውንም ይሏታል። አንድ ጊዜ ከአሰላ የመጣ የግብርና ባለሙያ ሰምቷት፣ «አቤት! የጥንት አባቶች ምን የማይናገሩት ነገር አለ!» ብሎ ሲደነቅ እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። የጥንት አባቶች የሉበትም። አባባሏን የወለዷት ሴት ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሲናገሯትም እኔ ራሴ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነበር።

ጋሽ ዘውገ ታታሪ ገበሬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሚቀጥለውን ስትሰሙ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። የሱ ችግር ጥድፊያ ነው። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባኝ» ይላል። ለቅሶ ቤት ሲደርስ እንኳ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ደረቱን መምታት ይጀምራል ብለው ያሙታል።

ከቤቱ ጀርባ ሰፊ የባሕር ዛፍ ይዞታ አለው። አጠናውን ነጋዴ ይወስድለታል፤ ቅርንጫፉና ጫፉ ግን እየተከመረ ይበሰብሳል። አንድ ቅዳሜ በቆጂ ገበያ ውሎ ሳለ ዶሮ የምታረባ ሴት «ለጫጩቶቼ የምጎዘጉዘው ሰጋቱራ ጠፋብኝ» እያለች ስታማርር ሰማ።

«ተፈጭቶ የደቀቀ እንጨትስ ይሆንሻል?» አላት።

«ደረቅ ይሁን እንጂ ምን ገዶኝ!» አለችው።

በቃ፣ ነገሩ ያለቀለት መሰለው። በዚያው ሳምንት ባቱ አካባቢ የተዘጋ አንድ የአትክልት እርሻ ንብረቱን እየሸጠ መሆኑን፣ ከንብረቱም መካከል በትራክተር የሚሠራ ያገለገለ እንጨት መፍጫ እንዳለበት ወሬ ደረሰው። ማታውኑ ሁለቱን በሬዎቹን ሊሸጥ መወሰኑን ለሚስቱ ነገራት።

አረጋሽ እንጀራ እየቆረሰች ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ። አንደኛውን በሬ፣ ዳማውን፣ እናቱ ስትሞትበት በጠርሙስ ወተት እያጠባች ያሳደገችው እሷ ናት።

«ምንድን ነው የሚያዞረው መፍጫውን?» አለችው።

«ትራክተር ነዋ።»

«ትራክተር አለን?»

«አንቺ ሴት፣ አርሲ ውስጥ ትራክተር ጠፍቶ ያውቃል? መንገዱን ሞልቶት አይደል እንዴ!»

«መንገዱን የሞላው የሰው ትራክተር ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» ብሎ ተነሣ።

በሬዎቹ ተሸጡ። ጋሽ ዘውገ አይሱዙ ተከራይቶ ባቱ ወረደ። የእርሻው ጠባቂ እውነተኛ ሰው ስለነበር ማሽኑን ከእርሻው ትራክተር ጋር አያይዞ አስነሣና አሳየው። መቼም ማሽኑ መጥፎ አልነበረም። ቀይ ቀለሙ ተልጦ አልፎ አልፎ ዝገት ቢታይበትም ስለቱ ደህና ነው። የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ በአፉ ሲያጎርሱት እያጓራ ይውጥና እንደ ሰጎን አንገት በቆመው ቧንቧ በኩል ደቃቁን ይተፋዋል። ጋሽ ዘውገ ከሚበተነው ፍጭ ሥር ቆሞ በሁለት እጁ እየዘገነ ሳቀ።

«ከመጫናችን በፊት አንድ ነገር ልንገርህ» አለው ጠባቂው። «ትራክተርህ የምን ዓይነት ነው? ይህ ከትራክተር የሚያያዘው ዘንግ ከሁሉም ጋር አይገጥምም። ጉልበትም ይፈልጋል፣ ትንሽ ትራክተር...»

«ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባህ? ገና አልጨረስኩም እኮ!»

«ጫንልኝ ወንድሜ፣ ሾፌሩ እየጮኸብኝ ነው።»

ጠባቂው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ጫነለት።

ማሽኑ ጨፌ ጉራቻ ሲገባ ሠርግ ይመስል ነበር። በገመድና በአጠና አውርደን ግቢው መካከል አቆምንለት። በማግስቱ ጋሽ ዘውገ ሁንዴ ቤት ሄደ። በቀበሌያችን የግሉ ትራክተር ያለው ሁንዴ ብቻ ነው፤ የሁላችንንም ማሳ ተራ በተራ የሚያርሰው እሱ ነው። ከዘውገ ጋር አብረው ነው ያደጉት።

ሁንዴ መጥቶ መፍጫውን ዞሮ ዞሮ አየው። አፉን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ዘንጉን በእጁ ያዝ አድርጎ ለቀቀው።

«ዘውገ፣ ይህ ነገር ቋጠሮ እንጨት ነክሶ ድንገት ቢቆም የሚሰበረው የማን ማርሽ ነው?»

«አይቆምም!»

«የኔ ነው የሚሰበረው። በክረምት መግቢያ ማርሽ ቢሰበርብኝ እኔም ጦም አድራለሁ፣ ቀበሌውም ጦም ያድራል። አይሆንም።»

«ጎረቤቴ አይደለህም እንዴ?»

«ጎረቤትህማ ነኝ። ከመግዛትህ በፊትም ጎረቤትህ ነበርኩ፤ ያኔ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ዘውገ ሁንዴን አኮረፈው። ሰላምታውንም ተወ።

ከዚያ ወደ ገበሬዎች ማኅበር ሄደ። ማኅበሩ ትራክተር አለው፤ ግን ኮሚቴው ተሰብስቦ ይፍቀድ ተባለ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሊቀ መንበሩ ቀረ። ሊቀ መንበሩ ሲመጣ ገንዘብ ያዡ ለቅሶ ሄደ። ሁለቱም ሲገኙ ደግሞ ጸሐፊው ማኅተሙን ቤቱ ረስቶት መጣ። ጋሽ ዘውገ ከማኅበሩ ደጃፍ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሰዎች ጥበቃ የተቀጠረ መስሏቸው «ክፍት ነው?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር። በመጨረሻ ተፈቀደ። ትራክተሩ እያጓራ መጣ፤ ሾፌሩ ወርዶ ሁለቱን ዘንጎች አፋጠጣቸው፤ ከዚያ ራሱን አከከ።

«የኔ ዘንግ ጥርሱ ሌላ፣ ያንተ ጥርሱ ሌላ። አይጋቡም።»

«በመዶሻ ብንመታውስ?»

«ባባ፣ ይህ እኮ ችካል አይደለም!»

ማገናኛ እንዲሠራለት አዳማ፣ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄደ። ባለ ቶርኖው የመፍጫውን ልክ ይዞ መምጣቱን አየና፣ «የትራክተሩስ ልክ የታለ?» አለው።

«እሱም ያስፈልጋል እንዴ?»

«አባቴ፣ ማገናኛ እኮ ሁለት ነገር ነው የሚያገናኘው!»

ተመልሶ መጣ። የትራክተሩን ጥርስ በጭቃ አትሞ ወሰደ፤ ጭቃው አውቶቡስ ላይ ተሰነጠቀበት። ደግሞ ተመለሰ። በሰም አትሞ ሄደ። ማገናኛው ተሠርቶ በጆንያ ተሸክሞት ሲመጣ የማኅበሩ ትራክተር ለእርሻ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። አረጋሽ በሩ ላይ ቆማ አየችው። እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አቀረበችለትና ወደ ውስጥ ገባች።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ መንገደኛ ትራክተር አገኘ፤ ከማኅበሩ ትራክተር ጋር አንድ ዓይነት። ሾፌሩን መንገድ ላይ አስቁሞ በልመና አመጣው። ሾፌሩም የዋዛ አልነበረም፤ መጀመሪያ ነዳጅ አለ፣ ቀጥሎ ዶሮ ወጥ አለ፣ ከዚያ ትንሽ ጋደም ልበል አለ። ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ማገናኛውን አጠለቀው። ገጠመ! መፍጫው ተነሣ! የግቢው ዶሮ ሁሉ አጥር ዘልሎ ጠፋ። ጋሽ ዘውገ ቅርንጫፉን በእቅፍ እያመጣ ያጎርሳል፣ ቧንቧው ይተፋል፤ ክምሩ ወገቡ ድረስ ሲደርስ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አመሰገነ። እንደ አጋጣሚ ሰማዩም መልስ ሰጠ። ዝናቡ ወረደ። የሾፌሩ ስልክም አብሮ ጮኸ።

«ጌታዬ ነው፤ ዝናብ ጣለ፣ ና እረስ እያለኝ ነው።»

«አንድ ሰዓት ብቻ!»

«አንድ ደቂቃም የለኝ።» ትራክተሩን ነቅሎ ሄደ።

ክምሩ ሌሊቱን ሙሉ ተደበደበ። ጠዋት ጋሽ ዘውገ ከላይ ያለውን ጠራርጎ፣ ከሥር ደረቅ የመሰለውን በጆንያ ሞልቶ በቆጂ ወሰደ። ዶሮ አርቢዋ እጇን ሰደድ አድርጋ ጨበጥ ስታደርገው ውሃው በጣቶቿ መካከል ጠብ ጠብ አለ።

«ይህን ብጎዘጉዝላቸው ጫጩቶቼ በሳል ያልቃሉ። ደግሞም አንተን ስጠብቅ ቆይቼ የስንዴ ገለባ ለምጃለሁ» አለችው።

ሰኔ ገባ። የሁሉም ማሳ እየተገለበጠ ጠቆረ። የጋሽ ዘውገ ብቻ አረም ለብሶ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። በሬ የለው፤ ሁንዴን አኩርፏል፤ የማኅበሩ ትራክተር ወሬውም የለ። እሱ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ማገናኛውን በጆንያ አንግቶ ትራክተር ፍለጋ ይወጣል። አንድ ቀን ባዶ እጁን ሲመለስ አረጋሽን ማሳው ዳር አያት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በዶማ መሬቱን እየቆፈረች ነበር። የቆፈረችው ከአንድ ቁርበት አይበልጥም። ቀና ብላ አየችውና መልሳ ጎንበስ አለች።

ሰው ሲያፍር አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። ጋሽ ዘውገ ተቆጣ፤ ያውም በቀበሌው ሁሉ ላይ። በማግስቱ በማለዳ የጎረቤት በሬዎች ለመነና መፍጫውን እያስጎተተ ወስዶ ድልድዩ ጋ፣ መንገዱ በሁለት ቦይ መካከል የሚጠብበት ቦታ ላይ፣ አገድሞ ገተረው። በሬዎቹን ሰደደና የማገናኛውን ጆንያ ሣሩ ላይ አስቀምጦ፣ ዱላውን ይዞ ከፊቱ ቆመ። ትራክተር ወደ ማሳዎቹ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለም።

ብዙም ሳይቆይ የሁንዴ ትራክተር እየተንገጫገጨች ደረሰች። ከኋላዋ በአህያ ጋሪ ላይ፣ በዘር ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ እማማ ትርንጎ ይከተላሉ። እማማ ትርንጎ ባላቸው የሞተባቸው ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ የእርሻ ተራው የሳቸው ነበር። የትራክተሩ ጥሩምባ አካባቢውን ሲያናውጠው እኛም ከየማሳችን ሮጠን መጣን።

«አንሣው ዘውገ» አለ ሁንዴ።

«አላነሣም! የኔን ማሽን ያላዞረ ትራክተር በዚህ አያልፍም!»

«አብደሃል? ሰኔ እኮ ነው!»

«ሰኔ የናንተ ብቻ ነው? ሁላችሁም ተባብራችሁ ነው የጣላችሁኝ! አንተ ማርሽ አልክ፣ ማኅበሩ ማኅተም አለ፣ ያ ሾፌር ዶሮዬን በልቶ ጥሎኝ ሄደ፣ ያ የባቱ ሰውዬ አሞኝቶ ሸጠልኝ...»

እማማ ትርንጎ ከጋሪያቸው ሳይወርዱ ጠየቁት። «ቆይ ዘውገ፣ ሰውዬው የተሰበረ ነው የሸጠልህ?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«አስነሥቶ አላሳየህም?»

«አሳይቶኛል...»

«ትራክተርህ የምን ዓይነት ነው ብሎ አልጠየቀህም?»

ጋሽ ዘውገ ጭቃውን በዱላው ወጋ ወጋ አደረገ።

በዚህ መካከል አረጋሽ ዶማዋን እንደያዘች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች። መፍጫውን አየች፣ ድልድዩን አየች፣ ባሏን አየች። የስንት ወር ዝምታዋ በዚያች ሰዓት ፈነዳ።

«አንተ ሰውዬ! የማንን ትራክተር ነው የምታቆመው?»

«የሱን የልበ ድንጋዩን!»

«ትናንት ማታ ደጁ ሄጄ ለመንኩት እኮ! ከእማማ ትርንጎ ቀጥሎ የኛን ሊያርስ ነው የመጣው! የራስህን ማሳ አራሽ ነው የያዝከው!»

ጋሽ ዘውገ ወደ ሁንዴ ዞረ። ሁንዴ ከመቀመጫው ላይ ሆኖ መሪውን እያየ፣ «ገንዘብ አልቀበልም ብያታለሁ። ዳማውን ሳስብ ሆዴ አልቻለም» አለ።

ዱላው ከጋሽ ዘውገ እጅ ወደቀ። ዓይኑ ሲሞላ አየሁት፤ ትከሻውን መፍጫው ላይ አሳርፎ መግፋት ጀመረ። ሁላችንም ተጠጋን። ሁንዴም ወርዶ ከጎኑ ገባ። ጭቃው ይይዘናል፣ እኛ እንገፋለን፤ በስተመጨረሻ መፍጫው ተንሸራቶ ቦዩ ዳር ባለው ሣር ላይ ጎኑን ሰጥቶ ተጋደመ። መንገዱ ተከፈተ። ሁንዴ ትራክተሩን አስነሥቶ ድልድዩን ተሻገረ፣ አረጋሽም ማሳውን ልታሳየው ከኋላው ሄደች።

ነገሩ አለቀ ብለን እጃችንን ስንጠርግ፣ ጋሽ ዘውገ ጎንበስ ብሎ ማገናኛ ያለበትን ጆንያ ከሣሩ ላይ አነሣ። ጭቃውን አራግፎ ትከሻው ላይ አደረገው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ዶዶላ። አንድ ትልቅ ትራክተር ያለው ሰው አለ ብለውኛል፤ ቶሎ ከደረስኩ አገኘዋለሁ» አለና ማሳው እስኪታረስ እንኳ ሳይጠብቅ፣ ጭቃውን እየፈነጠቀ ወደ አስፋልቱ መውጣት ጀመረ።

«ኧረ ጋሽ ዘውገ! ኧረ በፈጠረህ!» ብለን ሁላችንም አንድ ላይ ጮኽን፤ አንዳንዶቻችንም ሮጠን ልንይዘው ስንነሣ፣ እማማ ትርንጎ የአህያቸውን ልጓም ሳብ አድርገው፣ «ተዉት ልጆቼ፣ የሚያዞረው ያጣ መፍጫ ጌታውን ያዞራል» አሉን።