ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀበለው ዘፋኝ

አንድ ክራር መቺ ነበረ። ቆዪ፣ አትቸኩዪ! ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ከተማው የራሴን ዘፈን አልሰማ ካለኝ እሱ የሚወደውን እየዘፈንኩ ብኖር ምን ይጎዳኛል?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ከሰውየው ጋር ይመጣል።

ይህ ሰው እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ታላቅ እህቱ ናት ያሳደገችው። ከጨዋታ አምሽቶ ሲመለስ በሩ እንዳይጠፋው ኩራዝ አብርታ ደጃፍ ላይ ታንጠለጥልለት ነበር። አድጎ ክራር ሲለምድ ለዚያች ኩራዝ ዘፈን አወጣላት። ግጥሙም የራሱ፣ ዜማውም የራሱ። «ይህን ዘፈን ከተማ ሳይሰማው አልሞትም» አለና ተነሣ። አሠሪ የለው፣ አስተዋዋቂ የለው፤ እሱና ክራሩ ብቻ ናቸው።

ከተማ ገብቶ በየጠጅ ቤቱና በየምግብ ቤቱ ዘፈነ። ሲዘፍን ዓይኑን ይጨፍናል፤ ኩራዟን የሚያያት እንደዚያ ነበር። ሰዉ ግን ወይ ፍንክች! እየበላ ያወራል፣ እያወራ ይበላል። አንድ ቀን አንድ ቦርጫም ነጋዴ ከወንበሩ ተነሥቶ «ተቀበል!» አለው። መቼም ወጉን ታውቂዋለሽ፤ እንግዳ ስንኝ ሲሰጥ ዘፋኝ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ነጋዴው የራሱን ቁመና አወድሶ ገጠመ፤ ሰውየው ተቀበለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እንዴት ደስ አይበለው!

ከዚያ ወዲህ የራሱን ዘፈን «ነገ» ይለው ጀመር። ሚዜ ሲገጥም ይቀበላል፣ ሹም ራሱን ሲያሞግስ ይቀበላል፣ ሰካራም ጎረቤቱን ሲሰድብ ያንንም ይቀበላል። ስሙ በከተማው ናኘ። ዓይኑን መጨፈኑን አልተወም፤ ግን ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ከጨፈነ በኋላ የሚያየው ነገር አልነበረም።

ዝናው እህቱ ዘንድ ደረሰ። «በቃ፣ ኩራዜን ከተማ ሰማት ማለት ነው» ብላ ደስ እያላት በአውቶቡስ መጣች። እሑድ ቀትር ላይ ጠይቃ ጠይቃ የሚዘፍንበትን ምግብ ቤት አገኘችው፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ዘፈኗን ጠበቀች። አንዱን ዘፈነ፣ ሌላውን ዘፈነ፤ የሷ የለም። ቢቸግራት ተነሥታ በጫጫታው መሐል «ተቀበል!» ብላ ጮኸች።

«እቀበላለሁ፣ እመቤቴ!» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። እሷም የኩራዟን ዘፈን ጀመረችለት፦

«እናት ለሌለው ልጅ ይመሻል እያሉ፣
የእህቴን ኩራዝ ግን አይተው መች ያውቃሉ።»

ስንኝ በስንኝ ሰጠችው፤ ስንኝ በስንኝ ተቀበላት። አንድ ቃል እንኳ አልቀደማትም። ዜማውን ሳይቀር ከሰው ዘፈን ተውሶ ነው የመለሰላት። ሰዉ ግን ወሬውን ትቶ አዳመጠ፤ የጎረሰም ማላመጡን ረሳ። ሲጨርስ ክራር መቺው ራሱን እየነቀነቀ፣

«አቤት ግጥም! እመቤቴ፣ የማን ነው?» አለ።

«የወንድሜ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ድምፅዋን ያን ጊዜ ለየው። ዓይኑን ገለጠና አያት። ያ ሁሉ ሰው እያየው ክራሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አለቀሰ።

አየሽ ልጄ፣ ዘፈኑን ማንም አልሰረቀውም። ማንም አትዝፈን አላለውም። ነገ፣ ነገ እያለ ከገዛ አፉ ጠፋበት። አንቺ ያ ሰው ነሽ፤ ከተማሽም ያ ነጋዴ ነው። ተቀበይ ሲሉሽ ተቀበይ፣ እንጀራሽ ነውና አልከለክልሽም። የራስሽን ግን ሰሚ ብታጪም ሳትዘፍኚው አትዋዪ፤ ከተማው ጆሮውን የሰጠ ቀን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትቀበዪው።

በይ አሁን ክራርሽን አንሺና ያንቺን አሰሚኝ። ምን ታዪኛለሽ? ከእኔ ስንኝ አትጠብቂ።