ከጉድጓድ የሚወጣ ስድብ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ።

ጅግራ ወደ ምንጩ በወረደች ቁጥር ከአንድ ጉድጓድ፣ «መላጣ! ዝንጉርጉር!» የሚል ስድብ ይወጣል። ተሳዳቢውን ያየ የለም፤ ውሃ ሊጠጣ የመጣ አውሬ ሁሉ ግን ስድቡን እየተቀባበለ ይስቃል። ጅግራ አንገቷን ቀና አድርጋ ታልፋለች፤ ውስጧ ግን ይቃጠላል።

አንድ ቀን የራበው እባብ፣ «እመት ጅግራ፣ አይጥ አላዩም?» አላት።

«ማየትስ አላየሁም» አለችና ወደ ጉድጓዱ ዞረች። «አንተ፣ ዛሬ ድምፅህ ሰለለሳ! ፈራህ እንዴ?»

«ማን? እኔ? መላጣ! መላጣ! መላ…»

እባብ ድምፁን ተከትሎ ሰተት ብሎ ገብቶ ነበር። ውሃ ሊጠጣ የመጣው አውሬ ሁሉ ቀሪውን ስድብ ሊሰማ ጆሮውን ቢያቆም፣ ሆዱ የተነፋ እባብ ወጣ። የሳቀ የለም።

ጅግራ መላጣዋን ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨች፣ ቀስ ብላ ውሃዋን ጠጣች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስድቡን ግን እዚያው ተዉት።