የአቶ ይርዳው ጓሮ

እንግዳ መጣ ብሎ ቤቱን የሚያተራምስ ሰው በሰፈራችን ከታየ አንዲት አባባል ትወረወርበታለች። ከሰማይ አልወረደችም፤ የአቶ ይርዳው ጓሮ ነው ያበቀላት።

አቶ ይርዳው ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው። ሴት ልጃቸውን ማስተዋልን ለወንድ ልጃቸው የጠየቁ ከተሜ ሰዎች፣ ቤተሰቡን ለማየት ረቡዕ ለምሳ እንደሚመጡ ላኩባቸው። አቶ ይርዳው የበኩር ልጃቸውን በወግ ከመዳር ሌላ ምኞት አልነበራቸውምና እንቅልፍ አጡ።

ያስጨነቃቸው ጓሮው ነው። ጎመኑ፣ ጌሾው፣ አጥሩን የወረረው ዱባ፣ ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንቄ ዓመቱን ሙሉ ቤቱን የሚመግቡት ከዚያ ነው፤ ልጆቹም ያደጉት እዚያው ድብብቆሽ ሲጫወቱ ነው። እሳቸው ራሳቸው አመሻሽ ላይ ከጌሾው ሥር በርጩማ አውጥተው ሲቀመጡ ነፍሳቸው ትረካ ነበር። ሰኞ ግን በእንግዳ ዓይን አዩትና ጠሉት።

ወይዘሮ ስንቄ ገበያ ውለው ሲመለሱ ጓሮው እንደ አውድማ ተጠርጎ ጠበቃቸው።

«ጎመኔስ?»

«ለላቀች ላም ወረወርኩላት።»

«በአጥር ምክንያት ላኮረፍናት ለጎረቤታችን ለላቀች?»

«ከላሟ ጋር አልተጣላሁም» አሉ አቶ ይርዳው።

ረቡዕ እንግዶቹ መጡ። ቀኑ ጾም ነውና ሽሮና ምስር ወጥ ቀረበ። የልጁ አባት አቶ ተገኘ እጃቸውን ታጥበው ማዕዱን ሲያዩ ቅር አላቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጥራጥሬ ሐኪም ከልክሎኛል። ጎመን ብቻ ትበቃኛለች። የወይዘሮ ስንቄን ጓሮ ዝና ሰምተን የለ!»

ወይዘሮ ስንቄ ባላቸውን አዩ። አቶ ይርዳው ጣራውን አዩ። አማች የሚሆን ሰው ጦሙን ከማዕድ ከተነሳ ጋብቻው እዚያው እንደሚቀር የማያውቅ የለም። አቶ ይርዳው «መጣሁ» ብለው ወጡ። ለሁለት ዓመት ሰላምታ የነፈጓት ጎረቤት አጥር ዘንድ ደርሰው ጋቢያቸውን አደገደጉ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ላቀች?»

«ዛሬ እትዬ ሆንኩ?»

«አንድ እቅፍ ጎመን ቢለግሱኝ ብዬ ነበር።»

«የእርስዎን ላሜ ሰኞ ጨርሳዋለች። የእኔን ልቁረጥልዎ?»

እትዬ ላቀች ቅጠል በቅጠል እየመረጡ ቆረጡላቸው። አልቸኮሉም። አቶ ይርዳውም እንዳደገደጉ ቆመው ጠበቁ፤ ፊታቸው በሐፍረት በርበሬ መስሏል።

የሳሎኑ መስኮት የሚከፈተው ወደ ጓሮ ነው። ዱባውም ጌሾውም ተነቅለዋልና ከማዕዱ እስከ አጥሩ የሚከልል ነገር አልነበረም፤ እንግዶቹ ሁሉንም ቁጭ ብለው አዩ።

ጎመኑ ተሠርቶ ቀረበ። አቶ ተገኘ በደንብ በሉ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ «ልጅቷን ወደናል» አሉ። ወይዘሮ ስንቄ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰውየው በመስኮቱ ወደ ባዶው መሬት እያዩ ቀጠሉ፦ «ለእንግዳ ብሎ ጓሮ መጥረግ፣ ለጎመን ብሎ ማደግደግ።»