ሃያ ሦስተኛው ዜና

አንድ ቀን፣ ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር፣ የሰፈሬ ሰው ዓለም ወዴት እየሄደች እንደሆነ ምንም እንደማያውቅ ድንገት ተገለጠልኝ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። በእድራችን የቴሌግራም ቡድን ላይ «የመምህር ደርቤ ሳምንታዊ ጥንቅር፦ ቴክኖሎጂ፣ ፖለቲካ፣ ሳይንስ» ብዬ ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ምናምን ዜና እለቅቃለሁ። እንደ ጋዜጣ ስለሚታጠፍ ስልክ፣ ስብሰባ ስለበዛበት ሚኒስትር፣ ስለ ከዋክብት ዕድሜ፣ ያልጻፍኩት የለም። አውራ ጣት የምታሳየኝ ባለቤቴ ጽጌ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን ስልኳን ኩሽና ትታ ስትወጣ እኔው ነኝ የምጫንላት።

ሰው እንዲህ ችላ ሲለኝ ጊዜ ጥፋቱን እርገጤ ላይ ጣልኩት። እርገጤ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ ይነሳና በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም ይናገራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፣ አለቀ። ትንታኔ የለው፣ ምንጭ አይጠቅስ። አምስት ልጆች የሚያሳድገው በዚሁ ሥራ ነው። እኔ ግን ልጆቹ አልታዩኝም፤ የታየኝ የቆርቆሮ ጥሩንባው ነው። በዚህ ዘመን በጥሩንባ ዜና መስማት አሳፈረኝና ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ሽብሩ ማመልከቻ ጻፍኩ። እርገጤ ይሰናበት፣ የሞት ዜናም በእኔ ጥንቅር ይውጣ የሚል።

አቶ ሽብሩ ማመልከቻዬን አይተው፣ «ይሁን፣ እሑድ በሦስት ሰዓት ጠቅላላ ጉባኤ ይወስን። ጥሪውን እርስዎው ያስተላልፉ» አሉኝ።

አስተላለፍኩ። ግን እኔ ዘንድ ዜና ወግ አለው። ከሕዋ እጀምራለሁ፣ ወደ ምድር እወርዳለሁ፣ ከዚያ አህጉር፣ ከዚያ ሀገር፣ ከዚያ ከተማ እያልኩ ሰፈር የምደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። የጉባኤው ጥሪ ሃያ ሦስተኛ ዜና ሆኖ ወጣ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ ከሳሹ፣ እርገጤ ተከሳሹ፣ አቶ ሽብሩ ደግሞ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ስለሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ማንም የለም።

«መምህር፣ ጥሪውን ረሱት እንዴ?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«እንዴት እረሳለሁ! ሃያ ሦስተኛው ላይ ቁልጭ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ለሁለት መቶ አባል በአንዴ ደርሷል» ብዬ ስልኬን አሳየኋቸው።

«ደርሶ ታዲያ የታል?»

ይሄኔ እርገጤ ከጥጉ ተነሳና ኮፍያውን አወለቀ። «ዳኛ፣ ከፈቀዱልኝ ልጥራቸው?»

«አንተ?» አልኩት እየሳቅሁ። «ሂድ እስቲ ጥራ! እኔ ያልጠራሁትን አንተ ልትጠራ!»

ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ያ ቆርቆሮ ሰፈሩን አናጋው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ አዳራሹ ጢም አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጎረምሶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው በር ላይ ተገትረዋል። እርገጤ ስም ሳይጠራ «ወደ አዳራሹ!» ብቻ ብሎ ስለነፋ ሰው ሁሉ በየልቡ አንድ ሟች መድቦ ነው የመጣው። ጎረቤቴ እትዬ በለጡ ደግሞ እኔን መድበው ኖሮ ከበር ጀምረው፣ «ዋይ! የዓለሙን ሁሉ ነጋሪ፣ መምህሬ! የከዋክብቱን ዕድሜ አውቀው የራስዎን ሳያውቁት!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ከፊታቸው ቆሜ ሲያዩኝ ለቅሷቸው ተቋረጠ።

«እንዴ! አሉ እንዴ?»

«አለሁ፣ እትዬ በለጡ።»

«ውይ!» አሉ። ደስ ይበላቸው ይክፋቸው እስካሁን አላወቅሁም። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ የቅዳሜው ይቀጥላል ማለት ነው?» ሲል ሰማሁት።

አቶ ሽብሩ ጠረጴዛውን መቱ። ፊታቸው ተለዋውጧል። «እርገጤ! ልጥራቸው ስትል በር ለበር ትሄዳለህ ብዬ ነው። ጥሩንባ ለሞት ብቻ እንደሚነፋ ደንባችን ይላል። ያለ ሞት የነፋ ከሥራው እንደሚሰናበትም ይላል። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። የሰው እንጀራ ላይ ቆሜ መደሰቴን ዛሬ ሳስበው ያመኛል፤ ያን ጊዜ ግን፣ «ይኸው! በገዛ እጁ!» ብዬ ጮህኩ።

«እና ማን ሞቶ ነፋህ?» አሉት ዳኛው።

እርገጤ ጥሩንባውን በኮፍያው ጠረገ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

«ዳኛ፣ ዛሬ እኔን ልትሸኙ አይደል የተቀጠረው? አሥራ ስምንት ዓመት የሰፈሩን ሰው ሁሉ በዚህች ነፍቼ አስቀብሬያለሁ። የእኔ ቀን ሲደርስ ግን መምህር ሃያ ሦስተኛ ላይ ቢያወጡኝ፣ ሁለት ሰው ብቻ መጣልኝ። ያውም አንዱ ገዳዬ ነው። ቀባሪ ሳላጣ ልሸኝ ብዬ፣ የራሴን ነፋሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ በለጡ ለእኔ ባዘጋጁት እንባ ሳቁ። አቶ ሽብሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እርገጤ ይሰናበት የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ። ከሁለት መቶ ሰው መሀል የእኔ እጅ ብቻ ወጣች። ጽጌ ከሴቶቹ መካከል ዞር ብላ ስታየኝ፣ ራሴን ልከካ ያወጣኋት አስመሰልኳት።

ሰው ሲበተን እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬም በላይ ከፍቶኝ ነበር። እርገጤ ጥሩንባውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሊወጣ ሲል አየኝና ተመለሰ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«ጋሼ፣ አይክፋዎ» አለኝ ከልቡ። «የእርስዎ ቀን ሲመጣ አንደኛ ዜና አድርጌ ነው የማወጣዎት።»